የምን 40 በመቶ?

ከቡሬ የተላከ ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የጠያቂዋ ነው።

«ጋሼ፣ ቡሬ ከተማ እህል እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው። አብረን በከፈትናት መደብር ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ሁለቱ ራሳቸውን ችለዋል፣ ትንሿ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ዕድሜዬ 54 ነው። ጉልበቴ ሚዛን ላይ ጎንበስ ቀና ማለቱን እምቢ ብሎኛል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ገበያው ይቀዘቅዝና ሳምንቱን ሙሉ ዝንብ እሽ ስል እውላለሁ። ባንክ 600,000 ብር አለኝ፤ መደብሩ ውስጥ ያለው በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ቢሸጥ ሌላ 300,000 ይወጣዋል። የባለቤቴ የእህት ልጅ ባሕር ዳር ሆኖ በምሥረታ ላይ ላለ አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ይሸጣል። ‹ሁሉንም አስገቢው፤ በዓመት 40 በመቶ ትርፍ ያከፋፍላል፤ ቁጭ ብለሽ በወር 30,000 ብር ትበያለሽ› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የባንክ አክሲዮን ይሻልሻል ትላለች። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የገዛው የባንክ አክሲዮን ወረቀትም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ምን እንደሚደረግበት ስለማላውቅ አልነካሁትም። መደብሩን ልዝጋው? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥዎት እህቴ ልበልዎት፤ አንቱታውን ግን አልተውም። ሦስት ልጅ በሚዛን ያሳደገች ሴት አንቺ አትባልም።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዓይኔ ያረፈው 40 በመቶው ላይ ነበር። በሁለተኛው ግን ሳጥኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። እርስዎ በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። አክሲዮን ልግዛ አልግዛ እያሉ ይጠይቁኛል እንጂ እርስዎ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለአክሲዮን ነበሩ፤ ያላወቁት ይህንን ነው።

ያ ወረቀት በጋብቻችሁ ዘመን በጋራ ገንዘባችሁ የተገዛ ከሆነ፣ በባለቤትዎ ስም ብቻ ቢጻፍም እኩሌታው የእርስዎ ነው። የቀረው እኩሌታ የሟች ውርስ ሆኖ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። በሕጋችን ሚስት የጋራ ንብረት ተካፋይ እንጂ በባሏ ድርሻ ላይ የልጆቿ ተቀናቃኝ ወራሽ አይደለችም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ፤ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የልጆቹን መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ከዚያ ባንኩ ቡሬ ካለው ቅርንጫፍ ገብተው ዋናው መሥሪያ ቤት ካለው የአክሲዮን ክፍል ጋር እንዲያገናኝዎት ይጠይቁ።

የአክሲዮን ክፍሉን የሚጠይቁት ይህን ነው። ባለቤቴ ስንት አክሲዮን አላቸው? ከእነዚህ የተከፈለበት ስንቱ ነው፣ ለመግዛት ተፈርሞ ገና ገንዘቡ ያልተከፈለበትስ አለ? ላለፉት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ ስንት የትርፍ ድርሻ ታወጀ? ከዚያስ የትኛው በእጅ ተከፈለ፣ የትኛው ወደ አክሲዮን ተለወጠ፣ የትኛው ጠያቂ አጥቶ በባንኩ መዝገብ ተከፋይ ተብሎ ተቀመጠ? አክሲዮኑ ለብድር ዋስትና ተይዞ እንደሆነም ይጠይቁ። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጠይቁ። ደግሞም ነገ ዛሬ አይበሉ፤ ሳይጠየቅ የቆየ ገንዘብ በቆየ ቁጥር ክርክር ይወልዳል።

ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ገንዘቡ ስለሚያጓጓ ብቻ አይደለም። የስድስት ዓመቱ ቁጥር እጅዎ ሲገባ፣ ስለ ትርፍ ድርሻ የሚነገርዎትን ወሬ ሁሉ የሚለኩበት የራስዎ ሚዛን ይኖርዎታል። አንዱ ዓመት ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱም በጥሬ ገንዘብ ምንም ያልተከፈለበት ሆኖ ያገኙት ይሆናል። እሱን አይተው የእህትዎን ልጅ ወሬ ይስሙት። እርግጥ የባለቤትዎ የእህት ልጅ ነው፤ እኛ ጎጃሞች ግን እንዲህ ያለውን ከራስ ልጅ አንለይም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ 40 በመቶው።

እርስዎ አንድ ገበሬ መጥቶ «ዘንድሮ እጥፍ አገኘሁ» ቢልዎት የሚጠይቁት ምንድን ነው? የምን እጥፍ? የዘሩን? የአምናውን? የጎረቤቱን? ለአክሲዮንም ጥያቄው ይኸው ነው። 40 በመቶ ሲባል የምን 40 በመቶ?

ባንኮች «ፓር ቫልዩ» የሚሉት፣ አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ አለ። 1,000 ብር ሊሆን ይችላል፣ 100 ብር ሊሆን ይችላል። የትርፍ ድርሻ በመቶኛ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በዚያ በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው እንጂ እርስዎ ከኪስዎ ባወጡት ገንዘብ ላይ አይደለም። የተጻፈበትን ያህል ብቻ ከፍለው ከገዙት ልዩነት የለውም። ከዚያ በላይ ከከፈሉ ግን መቶኛው ይሟሟል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ 100 ብር የተጻፈበት አንዱ አክሲዮን መሸጫው 300 ብር ነበር። እንዲህ ባለው አክሲዮን ላይ «30 በመቶ ታወጀ» ቢባል፣ የገዛው ሰው ካወጣው ገንዘብ የሚያገኘው 10 በመቶ ነው። በነገራችን ላይ ያ ሽያጭ በብዙ ነገሩ የተጣራ ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ተብሎ ተወስኖ፣ ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ ለገዥ የሚያስረዳው የሽያጭ መግለጫ በአደባባይ ወጥቶ፣ በቴሌብር ተሸጦ፣ በመጨረሻም 47,377 ሰዎች ገዝተዋል። የእህትዎ ልጅ ማኅበር እንዲህ ያለ መግለጫ ካለው ያሳይዎት።

በእርስዎ ገንዘብ ላስላው። 300,000 ብር አለዎት እንበል፤ አንድ ባንክ 1,000 ብር የተጻፈበትን አክሲዮን በዚያው በ1,000 ሸጠልዎት። 300 አክሲዮን ያገኛሉ። ባንኩ 30 በመቶ ካወጀ 90,000 ብር ይደርስዎታል። ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ባለአክሲዮን በ1,500 ብር ከገዙት ግን የሚያገኙት 200 አክሲዮን ነው፤ ያው 30 በመቶ 60,000 ብር ሆነ። ወሬው አንድ፣ ገንዘቡ አንድ፣ ወደ ቤት የሚገባው ግን በ30,000 ብር ተለያየ። ይህ ሁሉ ደግሞ ግብር ሳይነሳለት ነው፤ በትርፍ ድርሻ ላይ ያለውን ግብር ከፋዩ ድርጅት ቆርጦ ያስቀርና የተረፈውን ነው የሚሰጥዎት።

ትርፉስ ከየት ይመጣል? አንድ ባንክ 100 ብር አተረፈ እንበል። 30 ብሩ የንግድ ትርፍ ግብር ነው፤ 70 ቀረ። ከዚያ ላይ ሕጉ ሩቡን ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፣ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ፤ 17 ብር ከ50 ሄደ፣ 52 ብር ከ50 ቀረ። ከዚህ በኋላ ነው ጠቅላላ ጉባዔው ተሰብስቦ «እንካፈለው ወይስ ካፒታል እናሳድግበት?» የሚለው። ጉባዔው ካፒታል ይደግ ካለ እጅዎ የሚገባው ብር ሳይሆን ተጨማሪ አክሲዮን ነው። ይህ ተረት አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግና አምስት ዓመት ሲሰጣቸው፣ ብዙ ባንኮች ባለአክሲዮኖቻቸውን «ድርሻችሁን መልሳችሁ አስገቡ» ብለው ለምነዋል። ለረጅም ጊዜ ላሰበ ሰው ጥሩ ነው። ለእህል መፍጫ ገንዘብ ለሚጠብቅ ግን አክሲዮን ወፍጮ ቤት ተይዞ አይኬድም።

እርስዎ ከማንም በላይ በሚያውቁት ነገር ልንገርዎት። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው ከአራሹ ጋር ዝናቡንም ውርጩንም ይካፈላል። እህሉ ሲሰምር እኩሌታውን ይወስዳል፣ በረዶ ሲመታው ጭዱን ይካፈላል፤ አራሹን «ድርሻዬን አምጣ» ብሎ ከአውድማ ሳይነሳ ፍርድ ቤት አይጎትተውም። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ያከራየ ሰው ግን ዝናብ ጣለ አልጣለ ኪራዩን ይቀበላል። የባንክ ወለድ ኪራይ ነው። የትርፍ ድርሻ የእኩል ነው። የእህትዎ ልጅ የሚሸጥልዎት የእኩሉን ነው፤ የሚነግርዎት ግን የኪራይ ቋንቋ ነው። በወር 30,000 ሲል፣ ገና ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ገና ባልተገዛ በሬ፣ የወር ኪራይ ቆርጦ ሰጠዎት ማለት ነው።

በምሥረታ ላይ ያለ ማኅበር ትርፍ የለውም። አልተመሠረተማ! መጀመሪያ ካፒታሉ መሙላት አለበት፣ ከዚያ መሥራች ጉባዔው ይጠራል፣ ይመዘገባል፣ ፈቃድ ያገኛል፣ ቢሮ ይከራያል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ይነግዳል፣ ኦዲት ይደረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካተረፈ ነው ድርሻ የሚባል ነገር የሚነሳው። ሦስት ዓመት ቢፈጅ ፈጠነ እላለሁ።

ይህን የምናገረው ከራሴ ቁስል ነው። በ1999 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠሩን። ሻይ በብስኩት ቀረበ፣ ግድግዳው ላይ የሕንፃ ሥዕል ተሰቀለ፣ ማይክ የያዘው ሰው ድምፁ ያማረ ነበር። 20,000 ብር ከፈልኩ፤ በላዩ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ አምስት በመቶ፣ 1,000 ብር፣ ጨመርኩ። ደረሰኙ የካርቦን ቅጂ ነው፣ ማኅተሙ ሰማያዊ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የፊደሉ ቀለም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ማኅበሩ አልተመሠረተም። ከስምንት ዓመት ምልልስ በኋላ 12,000 ብር መለሱልኝ፤ የአገልግሎት ክፍያው የማይመለስ መሆኑን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ጽፈውት ኖሯል። እኔ ያኔ የሰው ሂሳብ የምመረምር ሰው ነበርኩ። ጀርባውን አላየሁትም።

ስለዚህ ለልጁ ሲነግሩት አያስቀይሙት፤ ግን ይጠይቁት። የሽያጩን መግለጫ የአክሲዮን ሽያጭን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መዝግቦታል ወይ? አዋጁ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተ፣ ማኅበሩ እስኪመሠረት ማንም በማያወጣበት ዝግ የባንክ ሂሳብ ነው ወይስ በግለሰብ? የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው፣ ማኅበሩ ካልተመሠረተስ ይመለሳል? እሱ ራሱ በሸጠው ልክ ኮሚሽን ያገኛል? የመጨረሻዋን ሲጠይቁት ፊቱን ይዩት። ኮሚሽን ማግኘት ነውር አይደለም፤ ደላላም ኮሚሽን ያገኛል። ግን እርስዎ በርበሬ ሲገዙ ደላላው «ይህ በርበሬ ምርጥ ነው» ሲልዎት እጅዎን ጆንያው ውስጥ ሳያስገቡ አይገዙም። ልጁ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የነገሩትን ነው የሚነግርዎት።

የጎረቤትዎ ምክር ከልጁ ይሻላል። ባንክ ፈቃድ አለው፣ ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል፣ ኦዲት ይደረጋል፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ይታተማል። ነገር ግን ሁለት ነገር ትዘነጋለች።

አንደኛው ጊዜው ነው። የባንኮች የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ኦዲቱ አልቆ ጠቅላላ ጉባዔው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ ድርሻው የሚከፈለውም ከዚያ በኋላ ነው። በጥር ወር ቢገዙ፣ ያ ገንዘብ በሂሳብ ዓመቱ ውስጥ የሠራው ስድስት ወር ያህል ስለሆነ የሚታሰብልዎት የዚያኑ ያህል ነው። እንግዲህ በጥር የከፈሉት ገንዘብ የመጀመሪያ ፍሬውን የሚያሳይዎት በሚቀጥለው ታኅሣሥ፣ ያውም ግማሹን። መደብሩን ዘግተው እስከዚያ ምን ሊበሉ? የልጅቷስ ወጪ? በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብ ለ12 ከፍሎ «የወር ገቢዬ» ማለት ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን ሆድ ወረቀት አይቀበልም።

ሁለተኛው የብር ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። እነዚህን ቁጥሮች ለእርስዎ መንገር ለአናጺ ስለ ሚስማር እንደ ማውራት ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ከአምስት ዓመት በፊት በስንት ይሸጡ እንደነበር፣ ዛሬ በስንት እንደሚሸጡ መዝገብዎ ይናገራል። አሁን ልብ ይበሉ፦ መደብርዎ ውስጥ የተቆለለው የ300,000 ብር እህል ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ይነሳል። 7 በመቶ ወለድ በሚያገኝ የቁጠባ ደብተር ላይ ያለው ገንዘብ ግን ባለበት ሆኖ ይሳሳል። አክሲዮን በሁለቱ መካከል ነው፤ ባንኩ ካደገ ዋጋው ያድጋል፣ ግን እንደ ጤፍ በየገበያው ቀን አይደለም። እርስዎ ሸጠው ወደ አክሲዮን ሊለውጡት የፈለጉት፣ ካለዎት ንብረት ሁሉ ንረትን የሚቋቋመውን ነው።

ስለ መሸጥ ካነሳሁ አይቀር፤ መግዛቱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው የሚያስቸግረው። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። እየሰፋ ሲሄድ ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል መሸጥና መግዛት እየቀለለ ይሄዳል። ነገር ግን እዚያ ያልተመዘገበ አክሲዮን ያለው ሰው ዛሬም ገዥ የሚፈልገው በሰው በሰው ነው፤ ተገኝቶም ስሙ እስኪዛወር ይመላለሳል። ድንገት ሆስፒታል ቢገቡ አክሲዮንዎን በዚያው ሳምንት ወደ ብር እለውጣለሁ ብለው አይቁጠሩ።

ገንዘብን አንድ ቦታ ስለ መከመር ደግሞ ከቡሬ ሳይርቁ ምሳሌው አለልዎት። እንጅባራን አለፍ ሲሉ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ብዙው ገበሬ የጤፍ መሬቱን ዲከረንስ የሚባል ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክሎበት ነበር። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል፣ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይዳራል። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው አልፎለታል። ከዚያ ዝገት የመሰለ በሽታ ገባበትና ዛፉን ያደርቀው ጀመር። መሬቱን ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ድንችና ገብስ ያስቀረ ሰው አዘነ፤ ሁሉንም ተክሎ የነበረው ግን እህል ሸማች ሆነ። ከእርስዎም መደብር የገዛ ይኖራል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ገንዘቡ የእርስዎ ስለሆነ ውሳኔውም የእርስዎ ነው። መደብሩን አይዝጉት። ጉልበትዎን ግን ያሳርፉት። መሬት በሲሶ እንደሚሰጥ መደብርም ይሰጣል፤ ታማኝ ወጣት ይፈልጉ፣ ጆንያ ማንሳቱ የእሱ፣ ደብተር መያዙ የእርስዎ ይሁን፣ ከትርፉ ሲሶውን ይውሰድ። ወንበር ይግዙ፣ ድጋፍ ያለው ወንበር፣ ሚዛኑንም ከመሬት አንስተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ይህን ስጽፍ እስቃለሁ፤ የ54 ዓመት ሰው ጡረታ ልውጣ የሚለው አንዳንዴ ሚዛኑ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ደግሞም ከሲሶው በኋላ የሚተርፍዎት ቢቀንስም በየሳምንቱ የሚገባ ገንዘብ ነው።

ባንክ ካለው 600,000 ውስጥ 150,000ውን አይንኩት፤ ለልጅቷ ማስጨረሻና ለሕመም ነው። ሌላ 150,000 በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያድርጉት፤ ቅርንጫፉን ወለዱን ይደራደሩ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቀበሉ፣ በርበሬ ሲገዙ ተቀብለው አያውቁምና። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባለውም አለ፤ ቢበዛ አንድ ዓመት ያህል የሚቆይ ለመንግሥት የሚሰጥ ብድር ነው፤ ኪራይ ከሚመስሉት ወገን ስለሆነ ባንክዎን ይጠይቁት።

የቀረው 300,000 ለአክሲዮን ይሁን፣ ግን አሁኑኑ አይደለም፣ ባንድ ጊዜም አይደለም። መጀመሪያ የሳጥኑ ጉዳይ ይለቅ። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ በሦስት ዙር፣ ከሁለት ባንኮች፣ ቢቻል አንዱ በገበያው ከተመዘገቡት ሆኖ ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት የሦስት ዓመት ሪፖርታቸውን ያስመጡና ትንሿ ልጅዎ ታንብብልዎት፤ ዩኒቨርሲቲ የላኳት ለዚህም ነው። ፎቶውንና የሊቀመንበሩን ንግግር ትዝለለው። የምትፈልገው በአንድ አክሲዮን የተገኘውን ትርፍ ነው፤ ጠቅላላ ትርፉ በየዓመቱ እያደገ፣ በአንድ አክሲዮን የተገኘው ግን እየቀነሰ ከሄደ፣ እንጀራው አድጎ በሊታው ከእንጀራው በላይ በዝቷል ማለት ነው። አዲስ አክሲዮን በገፍ የሚሸጥ ባንክ ላይ ይህ ብዙ ይታያል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አይታይም። ቀጥሎ የማይመለሱ ብድሮች መጠን ከዓመት ዓመት እየጨመረ እንደሆነ ታይልዎት። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የእኛዎቹ ያለ ተፎካካሪ የለመዱት ትርፍ በዚያው ይቀጥላል ብሎ የሚምልልዎት ሰው ካለ አይመኑት፤ ይጠፋል ብሎ የሚምለውንም እንዲሁ።

የሚገዙትን በራስዎ ስም ያድርጉት። ተፈርሞ በክፍያ የሚገባ አክሲዮን ከሆነ፣ ድርሻ የሚታሰበው በከፈሉት ልክ እንጂ በፈረሙት ልክ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ስለዚህ መክፈል ከሚችሉት በላይ አይፈርሙ። ጠቅላላ ጉባዔ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ካልቻሉ ውክልና መስጠት ይቻላል፤ ግን የጥሪ ወረቀቱን ያንብቡት፣ «የትርፍ አደላደል» የሚለውን አጀንዳ በተለይ።

የባለቤትዎን እህት ልጅ በተመለከተ፣ እምቢ ማለት ከከበደዎት እኔን ያድርጉኝ። «አንድ ሽማግሌ መግለጫው ተመዝግቦ ሳላይ እንዳትከፍይ ብሎኛል» ይበሉት። ካመጣ፣ እሰየው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከ300,000ው ላይ ቢጠፋ የማያስለቅስዎትን ያህል ብቻ ይስጡት፤ እኔ 20,000 አልኩ፣ የእኔን ደረሰኝ ዋጋ። ካላመጣ ደግሞ ቤትዎ መጥቶ ቡና ይጠጣ፣ ሌላ ወሬ ይጫወቱ።

ከባንኩ የስድስት ዓመቱን ወረቀት ሲያገኙ ይላኩልኝ፤ ያወጣችሁትን ገንዘብና የገባውን አንድ ላይ አስቀምጠን የእውነተኛውን መቶኛ አብረን እናወጣዋለን። የአክሲዮኑን የምስክር ወረቀት ዋናውን ግን ለእኔም ቢሆን እንዳይልኩ። ኮፒው ይበቃኛል፤ ዋናው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።